ማርኬ ይቀነስልኝ

[የፈተናዎች ቦርድ ኮሪደር። አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር። ፊት ለፊቱ ከእጅ በቀር ምንም የማታሳልፍ የተዘጋች ትንሽ መስኮት። ከመስኮቷ በላይ «ቦርዱ ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ዛሬ የውጤት ቅሬታ የሚቀርብበት የመጨረሻው ቀን ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። የግድግዳው ሰዓት አምስት ከሩብ ይላል። ወንበሩ ላይ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ሰፈር ያደጉ፣ አንድ ክፍል የተማሩ ሁለት ጓደኛሞች ተቀምጠዋል። አንዱን ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ። ሌላውን «ቀስ በቀስ» ይሉታል፤ ምክንያቱ ሲናገር ይታወቃል። ፕሮፌሰር ወፍራም ፋይል ታቅፏል። ቀስ በቀስ አንዲት እርሳስ ይዟል።]

ፕሮፌሰር፦ በሁለቱም በኩል?

ቀስ በቀስ፦ በሁለቱም።

ፕሮፌሰር፦ አንድ እርሳስ በሁለቱም በኩል ይቀረጻል?

ቀስ በቀስ፦ ተቀርጾ እያየኸው?

ፕሮፌሰር፦ እሺ መያዣው የት አለ?

ቀስ በቀስ፦ መሐሉ ነዋ።

ፕሮፌሰር፦ ላጲሱን ቀርጸህ ጣልከው እኮ! ብትሳሳት በምን ታጠፋለህ?

ቀስ በቀስ፦ [ጥቂት አስቦ] ቀስ ብዬ ከጻፍኩ ምን ያሳስተኛል? አንዱ ጫፍ ቢሰበር ግን አንዱ አለልኝ። አጎቴ «አናጢ አንድ ሚስማር ይዞ ጣራ ላይ አይወጣም» ይላል።

ፕሮፌሰር፦ የአጎትህን ምክር ለወንበርና ለጠረጴዛ አድርገው። እዚህ ያለው ማሽን ነው። ማሽን ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ቀስ በቀስ፦ የሚጮህ ነገር።

ፕሮፌሰር፦ ማሽን ማለት የጠቆረ ክብ ብቻ የሚያይ ፍጡር ነው! ስምህን በወርቅ ቀለም ብትጽፍለት አያነብልህም። የሚያነበው ቁጥርህን ነው። ከቁጥርህ አንዲት ክብ ከሳትክ፣ አለቀ፤ አንተ አንተ አይደለህም።

ቀስ በቀስ፦ ማን እሆናለሁ?

ፕሮፌሰር፦ ሌላ ሰው!

ቀስ በቀስ፦ ያ ሌላው ሰውስ ማን ይሆናል?

ፕሮፌሰር፦ እኔ ምን አገባኝ! እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። ለዚህ አይደል በፈተናው ሁሉ ቁጥርህን ሳጠቁርልህ የከረምኩት? የሒሳቡን ቀን አስታውስ እስቲ። ፈታኟ ጀርባዋን ስታዞር ወረቀትህን መንጭቄ፣ የኔንም ያንተንም ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ የፈተና ካርዳችንን እንኳ ሳላይ፣ በቃሌ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አድርጌ መለስኩልህ። እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ ብለኸኛል?

ቀስ በቀስ፦ በሌሎቹ ቀናት ግን ካርድ እያየህ ነበር።

ፕሮፌሰር፦ አልለመድኩትም ነበራ! በሒሳቡ ቀን ለምጄዋለሁ። የተከታተለ ቁጥር ነው ያለን፤ ይሄ ደግሞ ካርድ ይታይለታል?

[መስኮቷ ትከፈታለች። አውራ ጣቱ በቀለም የጠቆረ እጅ ይወጣል፤ ሁለት ቅጽ ይወረውራል፤ ይገባል። መስኮቷ ትዘጋለች።]

ፕሮፌሰር፦ [ለመስኮቷ እጅ እየነሳ] እግዚአብሔር ይስጥልኝ! [ወደ ጓደኛው] አየህ ሥርዓት? ቦርዱ አያወራም። ይሠራል።

ቀስ በቀስ፦ ፊት የለውም እንዴ?

ፕሮፌሰር፦ ፊት ካሳየ ሰው ያፍርበታል። በል ቅጹን አንብብ። [ያነባል] «ጥያቄ አንድ። ቅሬታዎ ምንድን ነው? ሀ፣ ውጤቴ አንሷል። ለ፣ ውጤቴ በጣም አንሷል። ሐ፣ ሀ እና ለ መልስ ናቸው። መ፣ ቅሬታ የለኝም፤ ውጤቴ የራሴ መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

ቀስ በቀስ፦ ቅሬታውም ምርጫ ነው?

ፕሮፌሰር፦ ታዲያስ! «ጥያቄ ሁለት። ለዚህ ውጤት ተጠያቂው ማን ነው? ሀ፣ ተማሪው። ለ፣ አስተማሪው። ሐ፣ ወላጅ። መ፣ ከቦርዱ በስተቀር ሁሉም።»

ቀስ በቀስ፦ ይሄ ቀላል ነው። መልሱ መ ነው።

ፕሮፌሰር፦ እንዴት አወቅህ?

ቀስ በቀስ፦ ረዘም ይላል።

ፕሮፌሰር፦ [ገልመጥ አድርጎት ያጠቁራል] «ጥያቄ ሦስት። ምክንያትዎን ከአሥር ቃላት ባልበለጠ ያስረዱ።» ምን? አሥር ቃል? [ፋይሉን እያነሳ] አርባ አንድ ገጽ ጽፌ! ከነሥዕላዊ መግለጫው! ከነዋቢ ጽሑፉ! አርባ አንድ ገጽ እንዴት ብሎ ነው አሥር ቃል የሚሆነው?

ቀስ በቀስ፦ «አሥራ ዘጠኝ አይገባኝም» በላቸው። ሦስት ቃል ነው፤ ሰባቱ ይተርፍሃል።

ፕሮፌሰር፦ አሥራ ዘጠኝ! አትጥራብኝ ያን ቁጥር! እኔ፣ ሒሳብ፣ አሥራ ዘጠኝ ከመቶ! በሌላው ትምህርት ሁሉ ከዘጠና በላይ አምጥቼ በሒሳብ አሥራ ዘጠኝ! እኔ እኮ ደብተሬን ሳልከፍት የአስተማሪውን ስሕተት የማርም ልጅ ነኝ።

ቀስ በቀስ፦ እውነት ነው። አንድ ጊዜ ስላረምካቸው ከክፍል አስወጥተውሃል።

ፕሮፌሰር፦ ሒሳብ ከሃምሳ በታች ከሆነ ምህንድስና የለም። ምህንድስና ከሌለ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ እንደገና ልፈተን ነው። ከትናንሾቹ ጋር! አባዬ ውጤቱን ካየ ወዲህ አናግሮኝ አያውቅም። ገበታ ላይ ጨው አጠገቤ ሆኖ እንኳ ለእማዬ ነው «ጨው አቀብለኝ በይው» የሚላት። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቀስ በቀስ፦ እኔንም አልወሰደኝም።

ፕሮፌሰር፦ አንተን ደግሞ ምን ነካህ?

ቀስ በቀስ፦ ሒሳብ።

ፕሮፌሰር፦ [ትከሻውን እየመታ] አይዞህ ወንድሜ! ማርክ ማለት ሰው አይደለም። አንተን የመሰለ ሰው ሒሳብ ቢወድቅ ማንም አይገረምም። ይሄው በልና «ለ»ን አጥቁር፤ ውጤቴ በጣም አንሷል።

ቀስ በቀስ፦ አይደለም።

ፕሮፌሰር፦ እሺ «ሀ»ን አጥቁር። ትንሽ አንሷል።

ቀስ በቀስ፦ የእኔ ቅሬታ ቅጹ ላይ የለም።

ፕሮፌሰር፦ የሰው ልጅ ቅሬታ ሁሉ ቅጹ ላይ አለ! ውጤትህ ስንት ነው?

ቀስ በቀስ፦ ዘጠና ሦስት።

ፕሮፌሰር፦ ከስንት? ከአምስት መቶ?

ቀስ በቀስ፦ ከመቶ።

[ፕሮፌሰር እርሳሱን ከቅጹ ላይ ያነሳል።]

ፕሮፌሰር፦ ድገመው።

ቀስ በቀስ፦ ዘጠና ሦስት። በዛብኝ። ማርኬ ይቀነስልኝ ልላቸው ነው የመጣሁት።

ፕሮፌሰር፦ [ተነስቶ ኮሪደሩን ይዞራል] ጉድ ፈላ! ሰዎች፣ ኑና ጉድ ስሙ! ሰው ማርኬ ይጨመርልኝ ብሎ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ፤ ማርኬ ይቀነስልኝ ብሎ ሰልፍ የወጣ ፍጡር ግን ከተፈጠርኩ ዛሬ ማየቴ ነው!

ቀስ በቀስ፦ ሰልፍ የለም እኮ። ሁለታችን ብቻ ነን።

ፕሮፌሰር፦ ለምን ይቀነስ? ምን አደረገህ?

ቀስ በቀስ፦ ደብዳቤ መጣልኝ። ምህንድስና ተመድበሃል ይላል። ድልድይ ያሠሩኛል እኮ! በደንብ ባልለካሁት ድልድይ ላይ ሰው ሊሄድ ነው። እማዬ ብትሄድበትስ? እኔ አጎቴ ጋ ገብቼ ወንበር ልሠራ ነበር ሐሳቤ። ወንበር ቢሰበር ሰው የሚወድቀው እስከ መሬት ነው።

ፕሮፌሰር፦ ቆይ፣ ቆይ። አንተ ዘጠና ሦስት እንዴት አመጣህ? የበርሜሉን ጥያቄ ሠርተኸዋል? ጥያቄ አሥራ ሁለትን?

ቀስ በቀስ፦ የቱ በርሜል?

ፕሮፌሰር፦ «አንድ በርሜል በሁለት ቧንቧ ይሞላል፤ ከታች ባለው ቀዳዳ ደግሞ ይፈስሳል። በስንት ሰዓት ይሞላል?»

ቀስ በቀስ፦ አዎ፣ እሱ። አልሠራሁትም። ተናደድኩበት።

ፕሮፌሰር፦ በምኑ?

ቀስ በቀስ፦ ቀዳዳውን እያዩ ለምን ውኃ ይከፍታሉ? መጀመሪያ ይድፈኑት። የሚደፍን ሰው ከጠፋ አጎቴን ይጥሩት። አንድ ውታፍ ነው እኮ! እዚያ ላይ ስደርስ እነዚህ ሰዎች ቁም ነገረኞች አይደሉም ብዬ ወደኋላ ተመለስኩና ከአንድ እስከ መቶ «ለ»ን አጠቆርኩ። አንተ አይደለህ «ያላወቅኸውን ለ በለው» ያልከኝ?

ፕሮፌሰር፦ ያላወቅኸውን አልኩህ እንጂ ሁሉንም መች አልኩህ?

ቀስ በቀስ፦ ሁሉንም ነዋ ያላወቅኩት።

ፕሮፌሰር፦ መቶውንም «ለ»?

ቀስ በቀስ፦ መቶውንም። ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ሚስማር ደርድሬ። አንድም አላጣመምኩም። የምኮራበትም በእሱ ነው።

ፕሮፌሰር፦ [በድንገት ይቆማል፤ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል] ዝም በል! ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው! መቶውን «ለ» ብለህ ዘጠና ሦስት ካገኘህ፣ ከመቶው ጥያቄ የዘጠና ሦስቱ መልስ «ለ» ነው ማለት ነው!

ቀስ በቀስ፦ እንዲያ ይሆናል?

ፕሮፌሰር፦ ሒሳብ ነው! እኔ ደግሞ «ለ»ን የመረጥኩት ስንት ቦታ ነው? [ፋይሉን በጥድፊያ ይገልጣል] የመረጥኩትን ሁሉ መዝግቤዋለሁ፤ እንደ እናንተ ዝርክርክ አይደለሁም። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ... ሃያ! ሃያ ቦታ! ያገኘሁት ደግሞ አሥራ ዘጠኝ! ገጠመ! ያው አንዷ የተሳሳተች ናት። [ይጨፍራል] ገጠመልኝ! ምስጢሩን አገኘሁት! ቦርዱ የጎበዝ ተማሪ ጠላት ነው! መልሱን ሁሉ «ለ» አድርጎ ያሰበውን በሙሉ ጣለ፤ ያላሰበውን አሳለፈ!

ቀስ በቀስ፦ ግን የሒሳብ አስተማሪያችን ከፈተናው በኋላ መልሱን ሰሌዳ ላይ ሲሠሩት ሁሉም ዓይነት ነበረበት። «ሀ»ም፣ «መ»ም። አንተም ከደብተርህ ጋር እያመሳከርክ «ገባ! ገባ!» እያልክ ስትዘል ወንበር ሰብረሃል። እኔ ነኝ የጠገንኩት።

ፕሮፌሰር፦ አስተማሪ ምን ያውቃል? አስተማሪ የሚያውቀው ሒሳብ ነው። ፈተና የሚያውቀው ቦርድ ነው!

ቀስ በቀስ፦ [ቀስ ብሎ] እኔ የሚመስለኝ የሰው ማርክ ነው የደረሰኝ። የእኔ ወረቀት ሌላ ቦታ ሄዷል፤ የሌላው ደግሞ እኔ ጋ መጥቷል። የማርኩ ባለቤት ይሄኔ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ ይሆናል።

ፕሮፌሰር፦ ያልቅስ! ምን አባቱ! የለፋበትን ማርክ ለማን እንዳስረከበ የማያውቅ ዝርክርክ ምህንድስና ባይገባ ለድልድዩም ደግ ነው።

ቀስ በቀስ፦ ያሳዝናል እኮ። አባቱም ተቆጥቶት ይሆናል።

ፕሮፌሰር፦ ይቆጣው! የእኔ አባት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ልጅ ከቤት ነበር የሚያስወጣው። አንተ ሞኝ፣ ስማኝ። ዕድል በሕይወትህ አንዴ በርህን ቢያንኳኳ «ተሳስተሃል፣ ጎረቤት ነው» ትለዋለህ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማህም?

ቀስ በቀስ፦ ሰምቻለሁ። ግን እኔ አልተሾምኩም።

[ቀስ በቀስ ጎንበስ ብሎ በቅጹ ጠርዝ ላይ በዝግታ መጻፍ ይጀምራል።]

ፕሮፌሰር፦ ምን እየጻፍክ ነው?

ቀስ በቀስ፦ ምርጫው ስለሌለ «ሠ» ብዬ ጨመርኩ። «ሠ፣ ውጤቴ በዝቷል።» አሁን ክብ እየሠራሁለት ነው።

ፕሮፌሰር፦ ኧረ በሕግ! [ቅጹን ይነጥቀዋል] የቦርዱን ቅጽ ታሻሽላለህ? ላጲስ አምጣ!

ቀስ በቀስ፦ ላጲሱን ቀርጬ ጥዬዋለሁ እኮ።

ፕሮፌሰር፦ [በምራቁ እያሻሸ ያጠፋል] ነገርኩህ! ነግሬህ ነበር! አሁን እኔ እሞላልሃለሁ። እንደ ሁልጊዜው። ጥያቄ አንድ፣ «መ»፤ ቅሬታ የለኝም፣ ውጤቴ የራሴ መሆኑን አረጋግጣለሁ። [ሲያጠቁር የራሱ እርሳስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል] ኤጭ!

ቀስ በቀስ፦ [ባለ ሁለት ጫፉን እያቀበለው] እንካ።

ፕሮፌሰር፦ [ይቀበላል፤ መያዣ ይፈልጋል፤ መዳፉን ይወጋዋል] ወይኔ እጄን! የእብድ እርሳስ! [ያጠቁራል] በቃ። ፈርምና አስገባ።

ቀስ በቀስ፦ ብፈርምና ባለቤቱ ቢመጣስ? መመለስ እችላለሁ?

ፕሮፌሰር፦ በፍጹም! አንቀጽ ሰባት። «ረክቻለሁ ብሎ የፈረመ ዳግመኛ ቅር ሊለው አይችልም።» መልአክ ከሰማይ ቢወርድ አይሻርም። ደንቡን በቃሌ ነው የማውቀው።

ቀስ በቀስ፦ እንግዲያው አልፈርምም።

ፕሮፌሰር፦ እናትህስ?

ቀስ በቀስ፦ [ይቆማል] እማዬን ለምን ታነሳለህ?

ፕሮፌሰር፦ ያ ዘጠና ሦስት ከመጣ ጀምሮ እናትህ ሰፈሩን ቤት ለቤት አላዳረሰችውም? ሱቅ ገብታ ሳሙና ስትገዛ «ለኢንጂነሩ ሸሚዝ ነው» አላለችም? አሁን ሄደህ «እማዬ፣ ተሳስቶ ነው» ልትላት ነው? በዚያች ሴት ፊት? እኔ የአባቴን ፊት አይቻለሁ። አንተም የእናትህን እንድታይ አልፈልግም። በሞቴ ፈርም።

ቀስ በቀስ፦ [ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ያያል] እማዬ ሰው እንዲህ ሲያመሰግናት አይቼ አላውቅም። በእውነት አላየሁም። [ይተነፍሳል] ከፈረምኩ ግን በአንተ ምክር ነው።

ፕሮፌሰር፦ በእኔ ምክር! ሙሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ! ምስክር ጥራ ካልክም እጠራለሁ!

[ቀስ በቀስ ይፈርማል። ፊርማው ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ፕሮፌሰር ሁለቱን ቅጽ በመስኮቷ ያስገባል። የማኅተም ድምፅ፦ ጧ! እጁ ለቀስ በቀስ አንድ ብጣሽ ወረቀት ያቀብላል።]

ቀስ በቀስ፦ [ያነባል] «ረክተዋል።» [ለራሱ] አልረካሁም እኮ።

ፕሮፌሰር፦ ቦርዱ ረክተሃል ካለህ ረክተሃል! አሁን የእኔን ጠብቅ። ቃል መርጬ ነው የጻፍኩት፤ «ወረቀቴ እንደገና ይታይልኝ፤ ለእኔ አሥራ ዘጠኝ ስድብ ነው።» ወረቀቴን ከመዝገብ ቤት አውጥተው ኮፒውን ሊያሳዩኝ ግዴታ አለባቸው፤ አንቀጽ አራት። ያንን ወረቀት ይዤ የምወጣበትን ሰዓት አባዬ ባየው!

[ከመስኮቷ ጀርባ ማሽን ያጓራል፤ ያስነጥሳል፤ ዝም ይላል። የግድግዳው ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። እጁ አንድ ሰፊ ወረቀትና አንድ ብጣሽ ያወጣል።]

ፕሮፌሰር፦ [ብጣሹን ያነባል] «ወረቀቱ በማሽንም በሰውም ታይቷል። እርማቱ ትክክል ነው። ተማሪው መቶውንም ጥያቄ ለ በማለት መልሰው አሥራ ዘጠኙን አግኝተዋል።» [ይስቃል] መቶውንም «ለ»! ሰማህ ድንቁርና? እኔ ነኝ መቶውን «ለ» የምለው? እንዲህ የሚያደርገው እንዳንተ ያለ... [ሳቁ መሐል ላይ ይቀራል]

ቀስ በቀስ፦ [አንገቱን አስግጎ] ውይ፣ ወረቀቴን አገኘኸው!

ፕሮፌሰር፦ የማንን ወረቀት?

ቀስ በቀስ፦ የእኔን ነዋ። አየህ አደራደሬን? አላልኩህም፣ አንድም አልተጣመመም! ይኸው ስሜም እላዩ ላይ አለ።

ፕሮፌሰር፦ [ወረቀቱን ዓይኑ ሥር ወስዶ] ስሙ ያንተ ነው። ዶሮ የጫረው የሚመስል ጽሑፍም ያንተ ነው። ቁጥሩ ግን... ቁጥሩ በአርባ ሰባት ነው የሚያልቀው።

ቀስ በቀስ፦ [ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ፣ በጣቱ እየተከተለ] የእኔ በአርባ ስድስት ነው የሚያልቀው።

ፕሮፌሰር፦ [የራሱን ካርድ ከፋይሉ ያወጣል] የእኔ... በአርባ ሰባት።

[ፕሮፌሰር ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ይይዛል።]

ቀስ በቀስ፦ ታዲያ ያንተ ቁጥር እኔ ወረቀት ላይ ምን ሊሠራ መጣ?

ፕሮፌሰር፦ አትናገር።

ቀስ በቀስ፦ የሒሳቡን ቀን ቁጥሬን ያጠቆርከው አንተ...

ፕሮፌሰር፦ አትናገር አልኩህ!

ቀስ በቀስ፦ ጉልበትህ ላይ ዘርግተህ። ካርድ ሳታይ።

ፕሮፌሰር፦ [ወንበሩ ላይ ይወድቃል፤ አጭሩ እግር ያንገዳግደዋል] ዘጠና ሦስቱ የእኔ ነው! የእኔ ማርክ ነው! በርሜሉን የሞላሁት እኔ ነኝ!

ቀስ በቀስ፦ አላልኩህም ባለቤቱ እያለቀሰ ይሆናል? [አጎንብሶ ያየዋል] ይኸው እያለቀሰ ነው።

ፕሮፌሰር፦ [ዘሎ መስኮቷን ይደበድባል] ክፈቱ! ተቀያይሯል! የእኔና የእሱ ተቀያይሯል! በማርያም ክፈቱ!

[መስኮቷ በትንሹ ትከፈታለች፤ ብጣሽ ወረቀት ትወድቃለች፤ ትዘጋለች።]

ቀስ በቀስ፦ [አንስቶ በዝግታ ያነባል] «አንቀጽ ስምንት። ወረቀት ተቀያይሮ ከሆነ ሁለቱም ተማሪዎች ቅሬታ ማቅረብ አለባቸው። አንደኛው ተማሪ ግን ከጥቂት ደቂቃ በፊት ረክተዋል።»

ፕሮፌሰር፦ አልረካም! ሲፈርም አይቼዋለሁ፣ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር! ና፣ ንገራቸው! አልረካሁም በላቸው!

ቀስ በቀስ፦ [ወደ መስኮቷ ጠጋ ብሎ] አልረካሁም።

[ብጣሽ ወረቀት ይወድቃል።]

ቀስ በቀስ፦ «አንቀጽ ሰባትን ይመልከቱ።»

ፕሮፌሰር፦ አንቀጽ ሰባት ገደል ይግባ!

ቀስ በቀስ፦ መልአክ ከሰማይ ቢወርድ አይሻርም ብለኸኛል።

ፕሮፌሰር፦ እኔ እንደዚያ አልኩ?

ቀስ በቀስ፦ ምስክር ልጥራም ብለሃል።

[ሰዓቱ ስድስት ይሞላል። ከመስኮቷ ውስጥ መቀርቀሪያ ይወድቃል። ፕሮፌሰር ግንባሩን መስኮቷ ላይ ያስደግፋል፤ ከፋይሉ አርባ አንዱ ገጽ አንድ በአንድ እየተንሸራተተ መሬቱን ይሞላል። ቀስ በቀስ ተንበርክኮ ወረቀቱን ይለቅማል፤ ጠርዝ ለጠርዝ እያስተካከለ ይደረድራል።]

ፕሮፌሰር፦ አለቀልኝ። አንድ ዓመት። አባዬን ምን እለዋለሁ?

ቀስ በቀስ፦ እኔ እነግረዋለሁ። ማርኩ የልጅህ ነው፣ እኔ ጋ በስሕተት ነው ያደረው እለዋለሁ። አባትህ እኔን ያምነኛል። ለእማዬም ዛሬውኑ እነግራታለሁ፤ ብታለቅስም ከሰው ከምትሰማው ይሻላል። ምህንድስናውንም አልሄድም።

ፕሮፌሰር፦ አባዬ ቢያምን ምን ያደርጋል? ቦርዱ አያምንም! ለከርሞ እንደገና ልቀመጥ ነው። በሒሳብ!

ቀስ በቀስ፦ [ፋይሉን እያቀበለው፣ በሙሉ ርኅራኄ] አይዞህ ወንድሜ። አስጠናሃለሁ።

ፕሮፌሰር፦ ማን?

ቀስ በቀስ፦ እኔ። ዘጠና ሦስት ነኝ እኮ። ቦርዱ ማኅተም አድርጎበታል።

ፕሮፌሰር፦ [ፋይሉን ታቅፎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል]

ቀስ በቀስ፦ [ባለ ሁለት ጫፉን እርሳስ እጁ ላይ ያስቀምጥለታል፤ ከጎኑ ይቀመጣል] በል ከዛሬ እንጀምር። ትምህርት አንድ፦ ካርድህን አውጣ። የራስህን ቁጥር ጻፍ። ቀስ ብለህ።